ከሊማ እስከ ሞሮፔ፦ የሞቼዎችን ሸክላ ተከትሎ

ሐሙስ፣ ሊማ

ፔሩን የሚጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሊማ ተነሥቶ ወደ ኩስኮና ወደ ማቹ ፒቹ ያመራል። እኔ የመረጥሁት የሰሜኑን አቅጣጫ፣ የፓሲፊክን ውቅያኖስ ተከትሎ የሚዘልቀውን በረሃ ነው። ከአንዲስ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች ይህን በረሃ እየቆራረጡ ጠባብና ለም ሸለቆዎችን ፈጥረዋል፤ ኢንካዎች ከመነሣታቸው ብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ በግምት ከ100 እስከ 800 ድረስ፣ በእነዚህ ሸለቆዎች የኖሩት ሞቼዎች ናቸው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።) ሞቼዎች ፊደል አልነበራቸውም። ስላመኑት፣ ስለተዋጉትና ስለሠዉት ነገር የምናውቀው በአብዛኛው በሸክላና በግድግዳ ላይ ከተዉት ሥዕልና ቅርጽ ነው።

የላርኮ ሙዚየም ፑዌብሎ ሊብሬ በሚባለው የከተማዋ ክፍል፣ በ18ኛው መቶ ዓመት በተሠራ ነጭ ግድግዳ ባለው ትልቅ ቤት ውስጥ ይገኛል። ሙዚየሙን በ1926 ያቋቋሙት ራፋኤል ላርኮ ሆይሌ በቺካማ ሸለቆ ሰፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ከነበረው ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው፤ ስብስቡም መጀመሪያ የተቀመጠው እዚያው ቺክሊን በተባለው እርሻቸው ሲሆን ወደ ሊማ የተዛወረው ቆይቶ ነው። ከዋናዎቹ አዳራሾች ይልቅ ብዙ ሰዓት ያሳለፍሁት በመጋዘኑ ውስጥ ነበር። ይህ ሙዚየም መጋዘኑን ለጎብኚ ክፍት ያደረገ በመሆኑ ወደ 30,000 የሚጠጉ ሸክላዎችን ከወለል እስከ ጣሪያ በተደረደሩበት ማየት ይቻላል። አደራደራቸው በጉዳያቸው ነው፦ ጉጉት ከጉጉት፣ ዱባ ከዱባ፣ የባሕር አንበሳ ከባሕር አንበሳ፣ ዓይነ ስውር ከዓይነ ስውር፣ እስረኛም ከእስረኛ ጋር።

የሞቼዎች መለያ የሆነው ዕቃ ከትከሻው ላይ ሁለት ክፍት ቱቦዎች ወጥተው እንደ ቅስት ይገናኙበትና ከመገናኛቸው አንድ ቀጥ ያለ አፍ ይነሣበታል። የጀበና አንገት ከሥሩ ለሁለት ተከፍሎ ሆዱ ላይ በሁለት እግሩ የቆመ አድርጎ የሚያስብ አንባቢ ከቅርጹ አይርቅም። ይህን ቅርጽ የፈጠሩት እነርሱ አይደሉም፤ በዚያው ጠረፍ የኖሩት ኩፒስኒኬዎች ከእነርሱ በጣም ቀድመው ይሠሩት ነበር። ሞቼዎች የሚለዩት በአሠራራቸው ነው። በሁለት ግማሽ የሸክላ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እርጥቡን ጭቃ በጣት እየገፉ ይለጥፋሉ፤ ጠንከር ሲል ሁለቱን ግማሾች አጋጥመው መጋጠሚያውን ያለሰልሳሉ፤ ነጣ ያለና ቀይ የአፈር ቅብ ይቀቡታል፤ በቀጭን ብሩሽም ይስሉበታል። የሸክላ ሠሪ መንኮራኩር አያውቁም ነበር። ላርኮ በ1948 የአፉን ርዝመትና የከንፈሩን ቅርጽ መሠረት አድርገው የሞቼን ሸክላ በአምስት ዘመናት ከፋፈሉት፤ ዛሬ ይህ አከፋፈል ለሰሜኖቹ ሸለቆዎች በደንብ እንደማይሠራ ቢታወቅም፣ ተመራማሪዎች ሲነጋገሩ ቁጥሮቹን አሁንም ይጠራሉ።

የሰው ፊት የሚያሳዩት ማሰሮዎች በእውነተኛ ሰዎች መልክ የተሠሩ ናቸው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ክሪስቶፈር ዶናን በየሙዚየሙ የተበተኑትን ፊቶች በፎቶግራፍ አሰባስበው ሲያስተያዩ፣ የላይኛው ከንፈሩ ላይ ጠባሳ ያለበት አንድ ሰው ከልጅነቱ እስከ ጉልምስናው ከ40 በሚበልጡ ዕቃዎች ላይ ተቀርጾ አገኙት። በጉዞዬ ሁሉ ያልተለየኝ ግን ከዚህ ሰው ይልቅ በቀጭን መስመር የተሳለው የመሥዋዕት ሥርዓት ነው። ከላይ፣ ከሰውነቱ ጨረር የሚወጣና ሾጣጣ የራስ ቁር የደፋ ሰው ግማሽ ወፍ ከሆነ ሌላ ሰው እጅ ዋንጫ ይቀበላል፤ ከኋላ ደግሞ ከራስ ጌጧ ላይ ሁለት ትልልቅ ላባ መሰል ነገሮች የተነሡ ሴት ሌላ ዋንጫ ይዛ ትከተላለች። ከታች፣ እጃቸው የታሰረ ራቁት እስረኞች አንገታቸው እየተቆረጠ ደማቸው ይቀዳል። የዋንጫው መጠጥ ይህ ደም ነው። ዶናን በ1970ዎቹ፣ በልዩ ልዩ ዕቃዎች ላይ ተቆራርጠው የሚታዩት ብዙ ሥዕሎች የዚህ አንድ ሥርዓት ክፍሎች መሆናቸውን አሳዩ፤ ሆኖም ነገሩ የአማልክት ተረት ይሁን ሰዎች በእርግጥ የፈጸሙት በሸክላው ብቻ ሊታወቅ አልቻለም።

ያልቻለበት ምክንያት በመጋዘኑ ውስጥ ይታያል። ከእነዚህ ዕቃዎች እጅግ ብዙዎቹ በአገሩ ሰዎች ዋኬሮ በሚባሉት የመቃብር ቆፋሪዎች የወጡና ከእጅ ወደ እጅ የተሸጡ በመሆናቸው፣ የትኛው ሰው አጠገብ፣ ከምን ጋር፣ ለምን እንደተቀመጡ የሚነግረን የለም። ሌላም ጉዳት አለ፤ ሰብሳቢ የሚገዛው ያማረውን ብቻ ነው። ሻካራው፣ የተሰበረው፣ በብዛት የተሠራው ዕቃ ጉድጓዱ ዳር ይቀራል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ በየቦታው ቀድሜ የምጠይቀው ስላላማሩት ዕቃዎች እንዲሆን ወሰንሁ።

ዓርብ፣ በመንገድ ላይ

ከሊማ እስከ ትሩሂዮ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ በአንድ በኩል ግራጫ ባሕር፣ በሌላው በኩል አሸዋ እያሳየን ተጓዘ። አሸዋው በድንገት ይቆምና የሸንኮራ አገዳ አረንጓዴ ይጀምራል፤ ወንዙን ተሻግረን ጥቂት ስንሄድ ደግሞ አሸዋው ይመለሳል። ሞቼዎች በመስኖ ያለሟቸው ሸለቆዎች እንዲህ ያሉ ናቸው።

ቅዳሜ፣ የፀሐይና የጨረቃ ዋካዎች

በጭቃ ጡብ የተገነቡትን ጥንታዊ የአምልኮ ኮረብታዎች የአገሩ ሰዎች ዋካ ይሏቸዋል። ከትሩሂዮ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብሎ፣ ሴሮ ብላንኮ በተባለው ተራራ ግርጌ፣ ሁለት ዋካዎች በመካከላቸው ሰፊ ሜዳ ይዘው ይተያያሉ። ትልቁ የፀሐይ ዋካ ከ100 ሚሊዮን በላይ ጡብ እንደፈጀ ይገመታል። በጡቦቹ ላይ ከመድረቃቸው በፊት የተደረጉ ልዩ ልዩ ምልክቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ምልክት አንድ መንደር ወይም አንድ የሥራ ቡድን ድርሻውን ያስቆጠረበት ነው የሚለው ማብራሪያ ለእኔም አሳማኝ ሆኖ ታይቶኛል። ስፔኖች በ1602 ወርቅ ፍለጋ የሞቼን ወንዝ ከመንገዱ መልሰው በዚህ ኮረብታ ላይ ስለለቀቁት የዛሬው ዋካ ከውኃው የተረፈው ሲሶ ያህሉ ነው። ከዋኬሮዎች ሁሉ እንዲህ ያለ መሣሪያ የተጠቀመ አላውቅም።

የጨረቃ ዋካ አነስ ያለ ቢሆንም የሚታየው ሁሉ እዚያ ነው። ሳንቲያጎ ኡሴዳና ሪካርዶ ሞራሌስ በ1991 የጀመሩት ሥራ፣ ሕንፃው በአንድ ጊዜ የተሠራ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ የተደራረበ መሆኑን ገልጧል፤ አሮጌው ቤተ መቅደስ ሲዘጋ ክፍሎቹ በጡብ ይሞሉና አዲሱ በላዩ ይነሣል። በዚህ ምክንያት በውስጥ የተቀበሩት ግድግዳዎች ቀለማቸውን እንደያዙ ቆይተዋል። በቀይ፣ በነጭ፣ በጥቁርና በቢጫ የተቀባው፣ ዓይኑ የፈጠጠው፣ ጥርሱ እንደ ድመት ዘር የሾለው የአምላክ ፊት በግድግዳው ላይ ተደጋግሞ ይመለከታል፤ ብዙዎች አይ አፓኤክ ብለው ይጠሩታል። በትልቁ አደባባይ በኩል ያለው ግንብ በረድፍ በረድፍ የተቀረጸ ሲሆን በታችኛው ረድፍ፣ ቆሞ በሚያየው ሰው ዓይን ልክ፣ ጦረኞች ድል የነሷቸውን ሰዎች ይነዳሉ። የተሸነፉት ራቁታቸውን ናቸው፤ አንገታቸው በገመድ ታስሯል። የተገፈፈው ልብሳቸውና መሣሪያቸው በአሸናፊው ዱላ ላይ ተንጠልጥሏል። ሊማ በአንድ ማሰሮ ሆድ ላይ ያየሁት ሰልፍ እዚህ የግድግዳ ርዝመት አግኝቷል።

ከዋካው በስተጀርባ፣ ከተራራው ዓለት ጋር በተያያዘ አንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ስቲቭ ቡርዤ በ1995 ባደረጉት ቁፋሮ ከ70 የሚበልጡ ወንዶች አጥንት ተገኘ። አጥንቱን የመረመሩት ጆን ቬራኖ ሟቾቹ ወጣቶችና ጎልማሶች እንደነበሩ፣ ብዙዎቹም ቀደም ሲል ተሰብሮ የዳነ አጥንት እንዳላቸው፣ ማለትም ከዚያ በፊት በውጊያ ያለፉ ሰዎች እንደሆኑ ገለጹ። በአንገታቸው አጥንት ላይ የቢላ ምልክት አለ። ከሬሳዎቹ ብዙዎቹ የተገኙት በጭቃ ውስጥ ነው፤ ዝናብ በማያውቀው በዚህ ጠረፍ ደግሞ እንዲህ ያለ ጭቃ የሚፈጠረው ኤል ኒኞ በሚያመጣው ከባድ ዝናብ ብቻ ነው። መስኖው ሲጠረግና የጭቃ ጡቡ ሲሟሟ ሞቼዎች ምን እንዳደረጉ ከዚህ በላይ ግልጽ ሆኖ ሊገኝ አይችልም።

ከአጥንቱ ጋር በዚያው ጭቃ ውስጥ ሸክላዎች ነበሩ፤ በትክክል ለመናገር ግን ሸክላ ሊባሉ አይችሉም፣ በእሳት አልተተኮሱምና። እግራቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ፣ አንገታቸው በገመድ የታሰረ ራቁት የጭቃ ሰዎች ናቸው፤ ቁጥራቸው ከ50 የሚያንስ አይደለም። ሁሉም ተሰብረዋል። የሰበሯቸው ደግሞ ሰዎቹን የሠዉት ናቸው። በሊማው መጋዘን ተመሳሳይ እስረኞች በተወለወለ ሸክላ ተሠርተው አይቻለሁ፤ በጥበብ የሚበልጡት እነዚያ መሆናቸው አያከራክርም። ሥርዓቱን የሚያስረዱት ግን ሳይተኮሱ ለመሰበር ብቻ የተሠሩት እነዚህ ናቸው፤ ምክንያቱም የተሠሩበት ቀን፣ የተሰበሩበት ቀንና ሰዎቹ የሞቱበት ቀን ተቀራራቢ ሳይሆን አይቀርም። በሁለቱ ዋካዎች መካከል ባለው የከተማ ፍርስራሽ ውስጥ የሸክላ መሥሪያ ቤት ከነቅርጽ ማውጫዎቹ ተቆፍሮ ወጥቷል። ቤተ መቅደሱ የሚፈልገው ዕቃ የሚሠራው እዚሁ፣ በእግር መንገድ ርቀት ላይ ነበር ማለት ነው።

እሑድ፣ ኤል ብሩሆ

ከትሩሂዮ ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የቺካማ ሸለቆ ባሕር በሚነካበት ቦታ ላይ ነፋስ የማይለየው ደረቅ ሜዳ አለ። እዚህ የሚገኘው ዋካ ካኦ ቪዬሖ የፊት ግንቡ ከጨረቃ ዋካ ጋር በጣም ይመሳሰላል፦ በገመድ የታሰሩ እስረኞች ከታች፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሰዎች ከእነርሱ በላይ። በሁለት ሸለቆዎች አንድ ዓይነት ሰልፍ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መቀረጹ ሠዓሊዎቹ እንዳሻቸው እንዳልሠሩ ያሳያል።

ጎብኚውን ሁሉ ወደዚህ የሚስበው በሬጉሎ ፍራንኮ የተመራው ቡድን በ2005 ያገኘው የሴት መቃብር ነው። የካኦ እመቤት ተብላ የምትጠራው ይህች ሴት በሃያዎቹ ዕድሜዋ የሞተች ሲሆን በክንዷ ላይ የእባብና የሸረሪት ንቅሳት አሁንም ይታያል። አብረዋት የተቀበሩት ሁለት ትልልቅ የጦር ዱላዎችና 23 የጦር መወርወሪያዎች ናቸው፤ ከዚያ በፊት የሞቼ ገዢዎች ሁሉ ወንዶች ናቸው ብለው የጻፉ ሰዎች የጻፉትን ማረም ግድ ሆኖባቸዋል። በሙዚየሙ ውስጥ አስከሬኗ በቀጥታ ሳይሆን በመስታወት ነጸብራቅ እንዲታይ መደረጉን ወድጄዋለሁ። ስለ ሸክላ ግን በዚህ ቦታ ብዙ የምለው የለኝም፤ የእመቤቲቱ ክብር የተገለጸው ከሁሉ በላይ በጨርቅና በብረት ነው።

ሰኞ፣ ሳን ሆሴ ዴ ሞሮ

በሄኬቴፔኬ ሸለቆ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ቤቶቿ የቆሙት በመቃብር ላይ ነው። በ1991 ሉዊስ ሃይሜ ካስቲዮና ዶናን እዚህ አንዲት ሴት ከነሬሳ ሣጥኗ አገኙ፤ በሣጥኑ ላይ ከተደረገው የብረት ጌጥ መካከል በሥዕሉ ውስጥ የምናውቃት ሴት በራሷ ላይ የምታደርጋቸው ሁለት ላባ መሰል ነገሮች ነበሩ፤ በመቃብሩ ውስጥም ረጅም እግር ያለው ዋንጫ ተገኘ። በሸክላ ላይ የተሳለችው ካህን እዚህ የሥጋ ሰው ሆናለች። በኋላም በዚሁ መካነ መቃብር ሌሎች እንደ እርሷ ያሉ ሴቶች ስለተገኙ፣ የምናወራው ስለ አንዲት ሴት ሳይሆን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስለሚተላለፍ ሹመት ነው።

እኔ ግን የተደነቅሁት በጋኖቹ ነው። ቁፋሮው በመቃብሮቹ መካከል፣ ቺቻ የተባለው ከበቆሎ ብቅል የሚጠመቀው መጠጥ የሚቀመጥባቸው ትልልቅ ጋኖች በብዛት እንዳሉ አሳይቷል። እነዚህ ጋኖች ሥዕል የለባቸውም፤ ሻጭ አይፈልጋቸውም። ይሁን እንጂ ቀብር የሚፈጸመው ሕዝብ ተሰብስቦ ሲበላና ሲጠጣ መሆኑን፣ ድግሱም ትንሽ እንዳልነበረ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው። በቀጭን መስመር የተሳሉት የዚህ ቦታ ዝነኛ ሸክላዎች ለሟች የሚሰጡ ናቸው፤ ጋኖቹ የቀባሪው ናቸው።

ማክሰኞ፣ ላምባዬኬ

የሲፓን ንጉሣዊ መቃብሮች ሙዚየም በ2002 የተከፈተ ሲሆን በሞቼ ቤተ መቅደስ አምሳል የተሠራ ቀይ ሕንፃ ነው። ጎብኚው መወጣጫውን ወጥቶ ከላይ ይገባና፣ ቆፋሪዎቹ እንደወረዱት፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ እየወረደ ከመቃብሩ ይደርሳል።

ታሪኩ የታወቀ ቢሆንም ደግሜ እጽፈዋለሁ። በ1987 መጀመሪያ ዋኬሮዎች በሲፓን መንደር አጠገብ አንድ የወርቅ መቃብር ሰብረው ዘረፉ፤ ፖሊስ የተያዘውን ዕቃ እንዲያዩ በላምባዬኬ የብሩኒንግ ሙዚየም ኃላፊ የነበሩትን ዋልተር አልቫን ጠራ። አልቫ በቦታው ላይ ሰፍረው፣ ከመንደሩ ሰዎች ቁጣ ጋር እየታገሉ ቁፋሮ ጀመሩ፤ ያልተነካውን የሲፓን ጌታ መቃብርም አገኙ። ጨረቃ መሰል የራስ ጌጡ፣ የጆሮ ጌጡ፣ በወገቡ ላይ የሚንጠለጠሉት ቃጭሎችና ከጀርባ የሚንጠለጠለው የወርቅ ሰሌዳ አንድ በአንድ ሲወጡ ዶናን ከሥዕሎቹ ጋር አስተያዩአቸው። ዋንጫውን የሚቀበለው ጦረኛ እርሱ ነበር። በአጠገቡ በሁለተኛው መቃብር የተገኘው ሰው ደግሞ ጉጉት ያለበት የራስ ጌጥና የመዳብ ዋንጫ ስለነበረው ዋንጫ አቅራቢው ወፍ-ሰው ሆኖ ታወቀ። በ1970ዎቹ መልስ ያጣው ጥያቄ መልስ አገኘ።

በሙዚየሙ ሰው የሚሰበሰበው ባለ ወርቅና ባለ ብር ኦቾሎኒ ሐብል ፊት ነው፤ አሥሩ የወርቅ ፍሬዎች በቀኝ፣ አሥሩ የብር ፍሬዎች በግራ ተሰክተዋል፤ በእርግጥም ዓይን ይይዛል። እኔ የቆምሁት 1,137 ሸክላዎች ከወጡበት የስጦታ ጉድጓድ ማሳያ ፊት ነው። አልቫ ዋናውን መቃብር ከማግኘታቸው በፊት የደረሱበት ይህ ጉድጓድ በትንንሽ ማሰሮዎች ታጭቆ ነበር፦ እስረኞች፣ ጦረኞች፣ ተቀምጠው የሚለምኑ ሰዎች። በቅርጽ ማውጫ በችኮላ ተሠርተዋል፤ ፊታቸው እርስ በርሱ ይመሳሰላል፤ አንዳቸውም በላርኮ አዳራሽ ቦታ ባላገኙ ነበር። አስጎብኚው ባለፉበት ፍጥነት ቡድኑም አለፈ። ይህ ግን በእኔ ግምት ከሐብሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው። ሐብሉን ጥቂት አንጥረኞች ሠርተውታል፤ ከሺህ በላይ ማሰሮዎችን ለማቅረብ ግን ጭቃ የሚያመጣ፣ የሚያቦካ፣ ቅርጽ የሚያወጣ፣ እንጨት ሰብስቦ የሚተኩስና እስከ ዋካው የሚሸከም ሕዝብ ያስፈልጋል። ጌታው ሲቀበር ይህ ሕዝብ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ድርሻ ነበረው።

ረቡዕ፣ ዋካ ራሃዳ

መቃብሮቹ የተገኙበት ቦታ ራሱ ከቺክላዮ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ይርቃል። ዝናብ የሸነሸናቸው ሁለት ኮረብታዎችና የዝቅተኛው መድረክ ቁፋሮ ይታያሉ። ዋኬሮዎች የቆፈሩበት ጉድጓድ አልተደፈነም፤ ከእርሱ የወጣው ዕቃ ብዙው በውጭ አገር ገበያ ጠፍቷል። ከተመለሱት አንዱ ከጀርባ የሚንጠለጠል የወርቅ ሰሌዳ ነው፤ በ1997 በ1.6 ሚሊዮን ዶላር ሊሸጥ ሲል በፊላደልፊያ ኤፍ.ቢ.አይ. ያዘውና ለፔሩ ተመለሰ። ማሰሮዎችን ለመመለስ እንዲህ የደከመ ፖሊስ አልሰማሁም።

ሐሙስ፣ ሞሮፔ

ከላምባዬኬ ወደ ሰሜን፣ በረሃው በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ያለችው ሞሮፔ አሁንም በእጅ ሸክላ የሚሠሩባት ከተማ ናት። የተቀበሉን ሸክላ ሠሪ በዕድሜ የገፉ ሰው ሲሆኑ ሁሉም «ዶን» እያሉ በአክብሮት ይጠሯቸዋል። አሠራራቸው ከሞቼዎቹ ቅርጽ ማውጫ የተለየ ነው፤ በአንድ እጃቸው ድቡልቡል ድንጋይ በውስጥ በኩል ይይዛሉ፣ በሌላው የእንጨት መምቻ ከውጭ ይመታሉ፣ ጭቃውም በሁለቱ መካከል እየሳሳ የጋን ሆድ ይሆናል። ይህ ዘዴ በዚህ ጠረፍ የተስፋፋው ከሞቼዎች በኋላ በመጡት ሰዎች ዘመን እንደሆነ ይታወቃል። ሲተኩሱም ምድጃ የላቸውም፤ ዕቃዎቹን መሬት ላይ ከምረው፣ በእንጨትና በእበት ሸፍነው፣ ከላይ በስባሪ ሸክላ ከድነው ያነድዳሉ።

«የዋካ ሸክላ አስመስለው ይሠራሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዳንድ ጊዜ ለቱሪስት እንደሚሠሩ፣ የቤታቸው ገቢ ግን ከቺቻ ጠማቂ ሴቶች እንደሚመጣ ነገሩኝ። «የፊት ማሰሮ የሚገዛኝ አንድ ጊዜ መጥቶ ይሄዳል፤ ጋን የምትገዛኝ ሴት ሲሰበርባት ትመለሳለች» አሉ። ለሠርግና ለበዓል ትልልቅ ጋኖች ቢፈለጉም የፕላስቲክ በርሜል ከዓመት ዓመት ገበያቸውን እያጠበበው ነው። ቺቻው በፕላስቲክ ሲቀመጥ ቶሎ ይሞቃል፤ በሸክላ ግን ላቡ በጋኑ ሆድ ላይ ስለሚወጣ ቀዝቅዞ ይቆያል፤ ጠማቂዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ጨርሰው አልተዉትም።

የዚያን ቀን ሊተኮሱ የተዘጋጁ ጋኖች በግቢው ጥግ በጥላ ተደርድረው ይደርቁ ነበር። ከመካከላቸው ሁለቱ አንገታቸው ላይ ስንጥቅ ስለነበረባቸው ልጃቸው ለየብቻ አውጥቶ አስቀመጣቸው፤ እነዚያ እንደገና ተፈጭተው ከጭቃው ይቀላቀላሉ። ሌሎቹን ለመተኮስ ነፋሱ እስኪበርድ፣ እስከ ማታ ድረስ እንደሚጠብቁ ነግረውን ወደ ሥራቸው ተመለሱ።